የግራዝማች ስንሻው የሽንኩርት ዘር

አንድ ቀን ግራዝማች ስንሻው ከጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ቅል አወረዱ፤ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ለተክል ሠራተኛቸው ለይርሳው ሰጡት። ቅሉ ውስጥ ያለው የሽንኩርት ዘር ነው። መቼ እንደተለቀመ እንኳን ሰው ቅሉም አያስታውስም። ግራዝማች በአገሩ የታወቁ ቋጣሪ ናቸው፤ ዝንብ ወጣቸው ላይ ካረፈች እግሯን ሳይልሱ አይለቋትም ይባልላቸዋል። ስለዚህ ገበያው አፍንጫቸው ሥር ሆኖ አዲስ ዘር መግዛት ጨርሶ አልታያቸውም።

ይርሳው ግን ነገሩ ከበደው። የወንዝ ዳሩን መሬት ቆፍሮ፣ አለስልሶ፣ ቦዩን ጠርጎ የጨረሰው የምርቱን ሢሶ አገኛለሁ ብሎ ነው። ዘሩ ካልበቀለ የባዶ ሢሶ ያው ባዶ ነው፤ በጋው ካለፈ ደግሞ ሌላ የሚያስጠጋው የለም። ከቅሉ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ እፍ ቢለው ግማሹ እንደ ገለባ በነነ። ጎመን ቢሆን እኮ ጥቂት ዓመት ይታገሣል፣ ሽንኩርት ግን ከከረመ አይሆንም፣ ትንሽ አዲስ ዘር እንቀላቅልበት ብሎ ለመናቸው።

«ዘር አያረጅም፤» አሉት ግራዝማች። «ተኝቶ ነው። ውኃ ካጠጣኸው ይነቃል። ካልነቃ ያንተ ስንፍና ነው።»

ይርሳው ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። በዚያ አገር ደንብ የተክል ሠራተኛ ዘሩ ብቅ እስኪል የሚበላው ከባለ መሬቱ ቤት ነው፤ ቡቃያው ከታየ በኋላ ራሱን ይችላል። ይህ ትዝ ሲለው ፊቱ ፈታ አለ። እሺ ጌታዬ፣ እንቀሰቅሰዋለን አለና ጎረቤት ጠርቶ ደንቡን አስመስክሮ ዘሩን ዘራው።

ከዚያ ወዲያማ እንደ ይርሳው ያለ ትጉህ አልታየም። ማለዳ ያጠጣል፣ ማታ ያጠጣል፣ በመካከሉ ግራዝማች ቤት ገብቶ ይበላል። አበላሉ ለጉድ ነው። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያፈኑ ይጨምሩለታል፤ ግራዝማች ደግሞ ዓይናቸው ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር አብሮ ይወርዳል። ተክሉ እንዴት ዋለ ብለው በጠየቁት ቁጥር፣ እንቅልፉ ከባድ ነው እንጂ ደህና ነው ይላቸዋል። ቢጨንቃቸው ራሳቸው ወርደው መደቡን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉት። አረሙ ለምልሟል፤ የሽንኩርቱ ዘር ግን እንደተዘራ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይርሳው ከኋላቸው ደረሰና ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ በድንጋጤ የነቃ ነገር ዓመሉ አያምርም ብሏቸው ወደ ምሳው ሄደ።

በመጨረሻ ግራዝማች የእህላቸው ነገር አንገበገባቸውና ይርሳውን ሽማግሌ ፊት አቆሙት። ይህ ሰው ጎተራዬን አራቆተው፣ ከአረም በቀር ያበቀለው ነገር የለም፣ ይሂድልኝ ሲሉ ከሰሱ። የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ቢሰጥ ወደ ይርሳው ዞረው ምን ትላለህ አሉት። ይርሳውም ደንቡ እስኪበቅል ነው፣ ጌታዬ ደግሞ ተኝቷል ስላሉኝ እስኪነቃ እየጠበቅሁ ነው፣ ተኝቶ ጥዬው ብሄድ ማን ያጠጣዋል አለ። ጎረቤቶቹ ቃሉን አጸኑለት።

«እንግዲህ ግራዝማች፣» አሉ አባ ቢሰጥ፣ «ዘሩ የተኛ ከሆነ ሰውየው እየበላ ይጠብቃል። ደንብ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ግራዝማች የቀረው በጋ ርዝመትና የይርሳው ጉርሻ ስፋት ባንድ ላይ ታያቸው። ሲውጡት የሰነበቱት ንዴት ገነፈለ።

«የምን መተኛት ነው?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ሞቷል። ድሮ የሞተ ዘር ነው፤ ይኸው በሽማግሌ ፊት ተናገርሁ። በቃ፣ ከቤቴ ውጣልኝ።»

ይርሳው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰና ግራዝማች ፊት ሄዶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ያጥናዎት ጌታዬ። እንግዲህ ይህን ያህል ካስታመምሁት በኋላ፣ ተዝካሩን ሳልበላ ብሄድ አገር ምን ይለኛል?»

ተዝካር ከማውጣት ዘር መግዛት ይቀላል ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ግራዝማች በማግስቱ በቅሏቸውን ጭነው ገበያ ወረዱ።