መቀመጫ የሌለው ማማ

«ተረት ተረት።»

«የማሽላ እሸት።»

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ድንቄ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ባየህ ይባላል። የመንደሩን ማሽላ ከግሪሳ ወፍ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማው ላይ ትወጣና ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፏን ይዛ ትቆማለች። መቀመጥ አይፈቀድላትም። የዚያ አገር ሰዎች፣ ጠባቂ ከተቀመጠ ማሽላውም አብሮት ይተኛል ብለው ያምኑ ነበርና ማማው ላይ መቀመጫ አይሠሩም።

ዓመታት አለፉና የድንቄ እግር ከበደ። ማታ ማታ ያብጣል። ደም ሥሮቿ እንደ ሐረግ ተጠማዝዘው ወጡ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳዋ ጠቆረና ያሳክካት ጀመር። ስትተኛ ባቷን ይጨመድዳታል።

ባየህም፦ «ሕመሙ ወደ ልብሽ እንዳይወጣ» አለና ከጉልበቷ በታች በገመድ አሰረላት። በዚያ አገር እባብ የነደፈው ሰው እንዲህ ነበር የሚታሰረው። እግሯ ግን ባሰበት።

ከዚያም ድንቄ ወደ እማማ ዘርፌ ሄደች። ብዙ የታመመ እግር ያዩ አሮጊት ነበሩ። ገመዱን አዩና፦

«ይህን ያሰረው ማነው?» አሏት።

«ባየህ ነው።»

«ይወድሻል ማለት ነው። በይ ፍቺው። ደሙ ወደ ላይ መውጣት አቅቶታል፤ እናንተ ደግሞ በር ዘጋችሁበት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማማ?»

«ጠዋት ከመደብሽ ሳትወርጂ፣ እብጠቱ ሳይመጣ፣ እግርሽን በጨርቅ ጠቅልዪ። ከጣቶችሽ ሥር ጀምሪና ወደ ጉልበትሽ ውጪ። ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ። ቀን አትገተሪ፤ ተራመጂ። ስታርፊ ደግሞ ተጋደሚና እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርጊው።»

«ይድናል?»

«አይድንም። ግን ያሳርፍሻል።»

ድንቄ እንደተነገራት አደረገች። እግሯም ቀለለ። አንድ ቀን ማማው ላይ ተጋደመችና እግሮቿን በጎኑ ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ሰቀለች። የመንደሩ ጭቃ ሹም ከታች ሲያልፍ አያት።

«አንቺ ድንቄ፣ ሰማይ ላይ ልትራመጂ ነው?» አላት። አብረውት ያሉት ሳቁ።

«እግሬን አሞኝ ነው ጌታዬ።»

«ማሽላው ቢተኛ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? ወይ ቁሚ፣ ወይ ውረጂ። ጨርቁንም ፍቺው፤ በሽተኛ ጠባቂ አንፈልግም።»

ብትወርድ ከማሽላው ድርሻ የላትም። የራሷ መሬትም አልነበራት። ጨርቁን ፈታችና ቆመች።

ከዚያም ግሪሳው እንደ ደመና መጣ። ድንቄ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትወረውር ዋለች። ሲመሽ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያበጠው ደም ሥር ፈነዳ። ባየህ ራቷን ይዞ ሲመጣ ደሙ በማማው እንጨት ሲወርድ አየ። ወጣና ራቷን ባንጠለጠለበት በዚያው በድሮው ገመድ ከጉልበቷ በታች አጥብቆ አሰራት። አዘላትና ሮጠ። እግሯ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር።

«ባየህ፣ ቀስ በል፤ ትወድቃለህ» አለችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

እማማ ዘርፌ ደጃቸው ላይ ተቀበሉት። አስተኟትና ገመዱን ፈቱ። እግሯን ወደ ላይ አነሡና ቁስሉን በመዳፋቸው ተጫኑ። ደሙ ቆመ። ትንፋሿ ግን ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ባየህ የእማማን መዳፍ አየ።

«እማማ፣ ይሄ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት?»

እማማ ዘርፌ መሬት መሬቱን አዩ።

«ይሄ ብቻ ነበር ልጄ።»

በማግስቱ መቃብሯ ሲቆፈር ባየህ፦ «በእግሯ በኩል ከፍ አድርጉልኝ» አለ።

«አሁን ምን ያደርግላታል?» አለው ጭቃ ሹሙ።

«ያሳርፋታል።»

ማንም አልሳቀ። ቆፋሪዎቹ ከአፈሩ ጥቂት ወደ ጉድጓዱ መለሱና በእግሯ በኩል ከፍ አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የማማ ጠባቂ ሲሞት በእግሩ በኩል ከፍ ተደርጎ ይቀበራል። ማማው ላይ ግን እስከ ዛሬ መቀመጫ የለም።

ተረቴ አለቀ። በሉ ልጆቼ፣ አፌን በቁራሽ ዳቦ ዝጉልኝ። የቆመ ካለ ግን መጀመሪያ ይቀመጥ።