መቀነቱን ላውስዎ

መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ረጃጅም ተሳቢ መኪኖች ይለፉ አይለፉ ተብሎ ሕዝብ ተሰበሰበ። ባለመኪናው አቶ ዘርጋው ተነሥተው፣ ሁለት ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሊያመጡ እንደሆነ፣ ከተማዋም በዚሁ እንደምታድግ ተናገሩ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እግር እናት የልጇን ወገብ በመቀነት አስራ፣ ጫፉን እጇ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች። ቤቷ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነው። እሷም፣ "ኧረ ልጆቻችንስ?" አለች።

አቶ ዘርጋው መቀነቱን አይተው ሳቁ። "ልጅ እንደ ፍየል ይታሰራል እንዴ? እናንተ መጠበቅ ሲያቅታችሁ በመኪና ታሳብባላችሁ። በይ እስቲ ሕዝብ ፊት ተናገሪ፤ ልጅሽን መያዝ ትችያለሽ ወይስ አትችዪም?"

እችላለሁ ብትል፣ ታዲያ ምን አስፈራሽ ሊሏት ነው። አልችልም ብትል ደግሞ ጥፋቱ የእናት ነው ሊሉ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

"እችላለሁ እንጂ ጋሼ" አለች። "ይኸው አስሬ ይዤዋለሁ። ልጄ አንድም ቀን መንገድዎ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የእርስዎ መኪና ግን ባለፈው ክረምት አጥሬን ጥሶ ገብቶ ጎመኔን ጨፍልቆ ሄዷል። የኔስ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። የእርስዎ ይህን አክሎ ሰው ግቢ የሚገባው ጠባቂ አጥቶ ነው?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳይበርድ ልጇን አቀፈችና መቀነቱን ፈትታ ዘረጋችላቸው።

"እንኩ፣ ላውስዎ። አንድ ተሳቢ ከሆነ ይበቃዋል። ሁለት ከሆነ ግን የጎረቤቶቼንም እንቀጥልበታለን።"