መሄጃ የሌለው እንግዳ

ተረት ልጀምር ነው፤ የላም በረታችሁን ዝጉና ጠጋ በሉ!

ድሮ ድሮ፣ ያን ያህልም ድሮ አይደለም፣ ቧንቧ እንኳ በነበረበት ጊዜ፣ ከባሕር ሥር እሜት ሸርጣን የምትባል ጠያቂ ትኖር ነበር። ጨው ማን አጨወው? ማዕበል የት ያድራል? ስትጠይቅ አይታክታትም። ያን ሰሞን ደግሞ ከሆዷ ሥር ሺህ እንቁላል ታቅፋ ነበር፤ እነሱን በሰላም መፈልፈል ነበር ሐሳቧ ሁሉ። ጎረቤቷ አባ ዛጎል የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወግ ዐዋቂ፣ ግን ቁጡ።

አንድ ቀን ከየብስ በኩል ረጅም ቧንቧ መጣና አፉን ባሕሩ ውስጥ ከፈተ። ግራጫ ጭቃ ተዘረገፈ።

«ቤቶች! የመንገድ እንግዳ ነኝ፤ አንዲት ጥግ ስጡኝ» አለ ጭቃው።

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ አባ ዛጎል።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለች ሸርጣን ቶሎ ብላ።

«እረፊ! እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይጠየቅም፤ ነውር ነው!» ብለው አባ ዛጎል ተቆጧት።

ሸርጣን እንቁላሎቿን ይዛ ወደ ጥጓ ተመለሰች። ጥያቄዋን ግን አልረሳችውም።

በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ጥጉን ይዞ ተኛ። በሁለተኛው ቀን ወንድሞቹ ተከትለውት መጡ፤ የባሕሩን ሣር ሸፈኑት፤ ዓሦቹም የሚግጡት አጥተው ተሰደዱ።

«አባ ዛጎል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቀው?»

«ነውር ነው አልኩሽ!» አሉ። ግን ያስላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጭቃው እንቁላሎቿ ላይ ወረደ። ብታራግፍ፣ ብታራግፍ፣ አልለቅ አለ።

«አሁንስ በዛ! አንተ እንግዳ፣ ከየት መጣህ?»

«ከተራራ። ተራራውን ፈጭተው ወርቁን ወሰዱ፤ እኔ የተረፍኩት አተላ ነኝ።»

«በጉያህስ ምን ይዘሃል?»

«ወርቁን ያጠቡበትን መርዝ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

ጭቃው ግራ ገባው። «መሄድ? መሄጃ የለኝም እኮ። ታች ማንም የለም፣ ባዶ ቤት ነው ብለው ነው የላኩኝ። እናንተ እዚህ ትኖራላችሁ እንዴ?»

«ወይ ጉድ! ጠላውን ማን ጠጥቶ ነው አተላው እኛ ላይ የሚደፋው?» ብላ ወደ አባ ዛጎል ሮጠች። እሳቸው እስከ ከንፈራቸው ተቀብረዋል።

«ይነሡ፣ እንሂድ!»

«እኔ እግር የለኝም፣ ልጄ። ጥያቄሽ የመጀመሪያውን ቀን መጠየቅ ነበረበት። አፍሽን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አፋቸው አልተከፈተም።

ሸርጣን እያለቀሰች ሄደች። ከሺሁ እንቁላል ግማሹ ሞቶ ነበር፤ የቀረውን ሩቅ አገር፣ ንጹሕ አሸዋ ላይ ፈለፈለች።

ልጆቿም አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ለምንድን ነው በጎን የምትሄጂው?» ብለው ጠየቋት።

«መንገዴን እየሄድኩ፣ ከየብስ ቧንቧ ቢመጣ ለማየት ነው» አለቻቸው። ልጆቿም እስከ ዛሬ በጎን ይሄዳሉ።

እንግዳ መቀበል ወግ ነው፤ መሄጃውን አለመጠየቅ ግን ባለቤቱን ያሰድዳል። በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ፤ ዳቦው ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ግን አልቆርስም።