የሽሮው ዳኛ

«ሽሮዬን ቀዳሽው እኮ! ከነኮረሪማው፣ ከነአወራረዱ!»

«ያንቺን ብሎ ሽሮ! ያንቺንማ የቀመሰ እስከ ሰኞ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚከርመው!»

አቶ ወሰኔ ምሳ ተራ ሲደርሱ ጠቡ እንዲህ ደርቶ ነበር። በዚያች ከተማ፣ ሰው ትንሽ ትንሹን ሲለቃቅም ዋናው ሲያመልጠው የሚተርቱበት አንድ ተረት አለ። መነሻው ይህ የቅዳሜ ጠብ ነው።

ምሳ ተራ ከገበያው ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ጥላ ነው። ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ምድጃ፣ ዐሥራ ሁለት ባለሙያ ሴቶች፤ አግዳሚው የጋራ፣ ዋጋው ለማንም የማይከብድ። አቶ ወሰኔ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስት የሞተችባቸው ሰው ናቸው። ሳምንቱን የሚገፉት ራሳቸው በሚያሳርሩት ምስር ነው። ደህና ነገር አፋቸው የሚገባው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቀን ቁርስ እንኳ አይበሉም፤ ሥጋ ጣል ጣል ለተደረገበት ቦዘና ሽሮ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ይመጣሉ። ወደ ከተማዋ ከመጡ ግን ገና ሦስተኛ ቅዳሜያቸው ነበርና የምሳ ተራን አመል አላወቁም።

የሚጣሉት ጎን ለጎን የሚሠሩት ጥሩአየርና ስንቅነሽ ነበሩ። አቶ ወሰኔ ሰምተው እንዳልሰሙ ሊያልፉ ሲሉ፣ ጥሩአየር ጭልፋዋን እንደያዘች መንገዱን ዘጋችባቸው።

«በሕግ አምላክ! አባቴ፣ አይለፉ፤ ይፍረዱን!»

በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ያልፋል? ሠላሳ ዓመት የሌሎችን ፍርድ በጽሑፍ ሲገለብጥ የኖረ ሰውማ እንዴት ብሎ! አቶ ወሰኔ ኮታቸውን ቆልፈው ከሁለቱ ምድጃዎች መካከል ተቀመጡ።

«ዳኝነት በነጻ አይሆንም» አሉ። «የረታችው ለምስጋና አንድ ሳሕን፣ የተረታችው ለቅጣት አንድ ሳሕን ትሰጠኛለች።»

«ተስማምተናል!» አሉ ሁለቱም፤ ለተጣላ ሰው ትንሽ ፈጠኑ።

ስንቅነሽ እንጀራ አንሥታ «መጀመሪያ እህል ይቅመሱ እንጂ፣ ጦምዎን ሊፈርዱ ነው?» አለች።

«የለም! ዳኛ ከባለጉዳይ ቤት አይበላም። ይቀምሳል እንጂ።»

በውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመው እጅ የሚያስታጥቡት ሽማግሌ፣ አባ ልመንህ፣ ይህን ሰምተው ሳቁ። «ጌታው፣ ቅዳሜ ድስት ቀጠሮ አያከብርም» አሏቸው። አቶ ወሰኔ ዘወር ብለውም አላዩአቸው።

ከጥሩአየር በሻይ ማንኪያ ቀመሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከስንቅነሽም ቀመሱ፤ ሆዳቸው ጮኸ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ሽሮዎች አንድ ዐይነት ነበሩ፣ ሁለቱም ግሩም። ግን ቶሎ ቢፈርዱ መቅመሱም ክብሩም ሊያልቅ ነው።

«የኋለኛው የፊተኛውን አስረሳኝ፤ ድገሚልኝ» አሉ።

ሰው ተሰብስቦ ነበርና ሳቀ። ዘርጋው የሚባል ጋሪ ነጂ ሕዝቡን ሰንጥቆ ወጣ። «ጋሼ፣ እኔ ምስክር ነኝ!»

«ሳይቀምስ ምኑን ይመሰክራል?» አለች ስንቅነሽ።

«ይቅመስ! ፍርድ ያለ ምስክር አይቆምም» አሉ አቶ ወሰኔ።

ምስክሩ ግን እንደ ዳኛው በማንኪያ አልቀመሰም። ሙሉ ሳሕን አስቀርቦ፣ ከፍሎ፣ ጠርጎ በላና «የስንቅነሽ ይበልጣል» አለ። ወዲያው ሁለት ሸማኔዎች «ሐሰት!» ብለው ከጥሩአየር አዘዙ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ከሁለቱም በልታ «ልብ አላልኩትም» ብላ እንደገና አዘዘች። አቶ ወሰኔ የእያንዳንዱን ቃል አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ፤ በየመካከሉ አንዲት ማንኪያ ይቀምሳሉ። ዘጠነኛው ምስክር ሲናገር ጭልፋ የድስት ቂጥ ሲፍቅ ሰሙ። ወደ ድስቱ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ግን ዳኛ ራበኝ ብሎ ምስክር ያቋርጣል?

በመጨረሻ ተነሡ። «ግራ ቀኙን መርምረን...»

ጥሩአየር ድስቷን ዘቅዝቃ አሳየቻቸው። «ምኑን ሊፈርዱት ነው፣ አባቴ?»

ወደ ስንቅነሽ ዞሩ። የእሷማ ድስት ውሃ ተሞልቶበታል። የቀሩትን ዐሥር ምድጃዎች በዐይናቸው ቢያዳርሱ አመድ ብቻ!

ስንቅነሽ ከጠረጴዛው ሥር የተከደነ ሳሕን አወጣች። «እታለም፣ ነይ የኛን እንብላ። ዛሬስ ገበያተኛ ለመጥራት ብለሽ በጣም ጮኽሽብኝ።»

«አንቺስ? እስከ ሰኞ ውሃ ያልሽውን ከየት አመጣሽው?»

ለካስ እኅትማማቾች ኖረዋል፤ እየተሳሳቁ ተጎራረሱ። ጥሩአየር ቀና ስትል ዳኛውን አየችና፣ ወግ ነውና፣ «እንብላ፣ አባቴ!» አለች።

ሽታው አፍንጫቸው ገብቷል። አንዴ ደገም ብትላቸው ይቀመጡ ነበር። እሷ ግን ወደ ሳሕኗ ተመለሰች።

«ይስማማችሁ» አሉ፣ እሳቸውም እንደ ወጉ፣ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው። ኮታቸውን ፈቱ፤ በሽንኩርት ነጋዴዋ ከረጢቶች መካከል አልፈው ሄዱ። ሰው ስለ ሽሮው ይከራከር ነበርና ቀና ብሎ ያየ የለም።

ዘርጋው እጁን ሊታጠብ ወደ በርሜሉ መጣ። «ለመሆኑ ፍርዱ ምን ሆነ?»

አባ ልመንህ ውሃውን ቀስ ብለው እያፈሰሱለት፣ «ፍርዱማ» አሉ፣ «ሲቀምስ የዋለ ጦሙን አደረ።»