ድንቹን በልቶ ኑዛዜውን የካደው ጃርት

ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያምጣ፤ ጆሮውን ቤቱ የረሳ ከጎረቤት ይዋስ።

እንስሳ ሲናገር፣ ዕቃም ሲመልስለት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር እመት ጃርቴ የምትባል አሮጊት ጃርት ትኖር ነበር። ዝናብ የማያስገባ፣ ጅብ የማያስገባ ጥልቅ ጉድጓድ ነበራት። ከደጇም የድንች ማሳ ነበራት። ከሆዷ የወጣ ልጅ ግን አልነበራትም። ጥንቸሊትን አሳደገች፤ እናቷን ጅብ የበላባትን፣ ከቁጥቋጦ ሥር ያነሳቻትን።

አንድ ቀን እመት ጃርቴ፣ "ኑዛዜዬን ልናገር ነው" አለች።

የቤቷ ቅል ደነገጠ። "አፍሽን በበጎ ክፈቺ! ሳይታመሙ መናዘዝ ሟርት ነው፤ ሞትን ትጠሪያለሽ" አለ።

ጎረቤቷ አባ ኤሊም ሰማ። "ምን አስቸኮለሽ? ስትታመሚ ትናዘዢያለሽ። እኔም ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ" አለ።

ሙቀጫዋ ብቻ፣ "ያን ጊዜ አንደበትሽ ቢያዝስ?" ብሎ ጠየቀ።

እመት ጃርቴ ሳቀች። "ሞት ሲጠሩት የሚመጣ ቢሆን፣ አገር ሁሉ ሞትን የሚጠራበት ጅብ እስከ ዛሬ ይኖር ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል ነው" አለች።

ከዚያ አባ ኤሊን፣ ቅልንና ሙቀጫን ምስክር አድርጋ አስቀመጠች። ከውርሱ የሚደርሳቸው ነገር የለምና። ወንድሟን አያ እሾሄንም አስጠራች። አያ እሾሄ ሥራ ሲባል ወገቡን የሚያመው፣ ምግብ ሲባል የሚሻለው ጃርት ነው።

"ጉድጓዴ ለልጄ ለጥንቸሊት። የድንች ማሳዬ ለወንድሜ ለእሾሄ" አለች።

ቅል አላስቻለውም። "ለዚህ ሆዳም? አንድ ቀን ውሃ ላላቀበለሽ?" ብሎ አንሾካሾከ።

"ዝም በል፤ የምሠራውን አውቃለሁ" አለችው።

አያ እሾሄ ግን እሾሁን እያንሿሿ፣ "ተቀብያለሁ!" አለ።

ክረምቱ ገባ። እመት ጃርቴ ሥራ ሥር ፍለጋ እንደወጣች ናዳ ወረደባት። አንድ ቀን ሳትታመም፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሞተች። ጥንቸሊት "እናቴ! እናቴ!" እያለች አለቀሰች። እኔ እንኳ ይህን ሳወራ ሆዴ ይባባል።

አያ እሾሄስ? እንባውን ሳይጠርግ ማሳው ውስጥ ገባ። ቆፈረ፣ በላ። ቆፈረ፣ በላ። ማሳው ሲያልቅ ጉድጓዱ አማረው። ወደ አያ ጅቦ ሄደና፣ "አብረኸኝ ቁም። ጉድጓዱ ለእኔ፣ ጥንቸሊት ላንተ" አለው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

መጀመሪያ መጡና፣ "ውጪ!" አሉ።

"የእናቴ ቤት ነው፤ አልወጣም" አለች።

ደግመው መጡና፣ "እናትሽ ከሆነች፣ እሾህሽ የታለ?" አሉ።

"እሾህ የሌለኝን ልጄ ያለችኝ እሷ ናት። አልወጣም" አለች።

ሦስተኛ መጡና፣ "እንግዲያው ዳኛ ይየን" አሉ። ከዋርካው ሥር፣ ከዳኛ ጎሽ ፊት ቆሙ። ጥንቸሊት ከተረታች ከአያ ጅቦ ጥርስ የሚያስጥላት ጉድጓድ አይኖራትም።

"ጌታዬ፣ እህቴ ኑዛዜ የሚባል ነገር አልተናገረችም" አለ አያ እሾሄ።

አባ ኤሊ ቀስ እያለ ደርሶ፣ "ተናግራለች" ብሎ መሰከረ።

"እሱ አርጅቷል፤ ይዘባርቃል!" አለ አያ እሾሄ።

ቅልም፣ "ተናግራለች" ብሎ መሰከረ።

"ውስጡ ባዶ ነው!"

ሙቀጫ ቀረበ።

"ይሄ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲወቀጥ የኖረ ነው፤ ምን ያውቃል?"

እንስሳው ሁሉ ሳቀ። አያ ጅቦ ወደ ጥንቸሊት ጠጋ አለ።

ሙቀጫ አልተቆጣም። "እውነት ነው፣ ብዙ ተወቅጫለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እንዲህ ያወፈረህ ምንድን ነው?"

"ድንች።"

"ከማን ማሳ?"

"ከእህቴ ማሳ።"

"ሰርቀህ ነው?"

"እኔ? እኔ ሌባ አይደለሁም! እህቴ በኑዛዜዋ..."

አፉን ያዘ። አፉን ቢይዝም ቃሉ ወጥቷል።

ዳኛ ጎሽ መሬቱን በሰኮናው መታ። "ኑዛዜው አንድ ነው። ድንቹን ለአንተ የሰጠው ቃል፣ ጉድጓዱን ለእሷ ሰጥቷል። ግማሹን ውጦ ግማሹን መካድ የለም። ወይ ድንቹን ትፋ፣ ወይ ጉድጓዱን ተው!"

የተበላ ድንች ከየት ይምጣ? አያ እሾሄ ጉድጓዱን ተወ።

"የእኔ ድርሻስ?" አለ አያ ጅቦ፣ የአያ እሾሄን ወፍራም ሆድ እያየ። አያ እሾሄ እግሬ አውጪኝ አለ። እሾሁን መንገድ ለመንገድ እያረገፈ ሮጠ፤ አያ ጅቦም ተከተለው። ሁለቱም በዚያ አገር ዳግመኛ አልታዩም።

"ለካ ድንቹን የሰጠችው ለዚህ ኖሯል!" አለ ቅል። ዋርካው ሥር እልልታው ቀለጠ። ጥንቸሊት እያለቀሰችም እየሳቀችም በሁሉም ታጅባ ቤቷ ገባች።

በዚያ ሳምንት የዱር እንስሳ ሁሉ ምስክር እየጠራ ሲናዘዝ ሰነበተ። በመናዘዙ የሞተ አንድም አልነበረም።

እናንተም በጤናችሁ፣ በደጉ ቀን ተናገሩ። ሳይናዘዝ የሚሞት፣ ደጁን ለጅብ ከፍቶ ይሄዳል።