ጎማውን ማን በላው?

ከንቲባ ጎሹ ያገለገለች መኪና ገዙ። መሪዋን ለቀቅ ካደረጉላት ወደ ቀኝ እየሳበች ቦይ ካልገባሁ የምትል ጉደኛ ነበረች። የሰፈሩ ጎሚስታ፣ "ክቡር ከንቲባ፣ እግሯ ተንጋዷልና አላይመንት ያሠሩላት፤ ጎማ ትበላለች" ቢላቸው፣ "የከንቲባ መኪና አትንጋደድም!" ብለውት ሄዱ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አዲስ ያስገጠሙላት የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ሽቦው ወጣ። ከንቲባው እሳት ለብሰው፣ እሳት ጎርሰው ጎሚስታው ደጅ ቆሙ። ሰፈርተኛው ሁሉ ወሬ ሊያይ ግር ብሎ ወጣ።

"ተናገር!" አሉት። "ጎማዬን ማን በላው? መኪናዋ ናት እንዳትል፣ መርጬ የገዛኋት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ነው እንዳትል፣ የምነዳት እኔ ነኝ። መንገዱ ነው እንዳትል፣ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ከሦስቱ አንዱን ብትጠራ ሱቅህ ዛሬውኑ ይታሸጋል። ዝም ብትልም ይታሸጋል!"

ጎሚስታው ጎማውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ተመርቆ ዓመት ሳይሞላው ጉድጓዱ ብቻ የቀረውን አስፋልት አየት አደረገና እጅ ነሣ።

"ክቡር ከንቲባ፣ እኔ ማንንም አልጠራሁም። ማን በላው ብለው የጠየቁት እርስዎ፣ ሦስት ጊዜ 'እኔ ነኝ' ብለው የመለሱትም እርስዎ። ለጎማው አንዱ ይበቃል። የተረፉትን ሁለቱን፣ መንገዱን ማን በላው የተባለ ዕለት እናወጣቸዋለን።"