የጋራ ብስክሌቶቹ ምረቃ

አቶ ደምመላሽ የከተማው ሹም ሆነው ብዙ ከመቆየታቸው የተነሣ፣ ከእሳቸው በፊት ማን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነበር። አንድ ቀን በኪራይ ለሕዝብ የሚቀርቡ ብስክሌቶችንና የኤሌክትሪክ ስኩተሮችን ሊመርቁ በትልቅ መኪና ወደ አደባባይ መጡ። ሪባኑን ቆርጠውም ንግግር ጀመሩ።

«እነዚህ የማንም የግል አይደሉም። የፈለገ ሰው ይወጣል፣ የሚሄድበት ድረስ ይነዳል፣ ሲደርስ ወርዶ ለተረኛው ይለቃል። ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው።»

ይህን ሲሉ፣ አደባባዩ ጥግ ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሹሙ ሰምተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ፣ ምን ያስቅሻል? በይ ነይና የተናገርኩትን ለሕዝቡ አስረጂ። ካልገባሽ ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ አካባቢ እንዳላይሽ።»

ሴትየዋ ከዚያች ጥግ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መድረኩ ወጣችና ማይኩን ተቀበለች።

«ጌታዬ፣ በደንብ ገብቶኛል» አለች። «መውጣቱና መንዳቱ ማንንም አያቅተውም። የሚከብደው ወርዶ ለተረኛው መልቀቁ ነው። እኛ ደግሞ ሲለቀቅ አይተን ስለማናውቅ፣ እርስዎ መጀመሪያ ከወንበርዎ ወርደው ያሳዩን፤ ብስክሌቱን ከዚያ በኋላ እንለምደዋለን።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ደምመላሽ ሊያባርሯት ፈልገው ነበር፤ ግን አልገባትም ማለት አልቻሉም።